ሚዳቋ በአውጫጭኝ ላይ የተናገረችው

ጠጋ በሉ ልጆች፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ይኼን ተረት ጮክ ብዬ አላወራውም፤ ሲሰሙት ደስ የማይላቸው አሉ። መሳቅ ፈልጎ የመጣ ካለ ከአሁኑ ተነሥቶ ቢሄድም አልቀየመውም።

ድሮ ድሮ፣ አውሬው ሁሉ አፍ አውጥቶ በሚናገርበት፣ እንጨቱና ብረቱ ሳይቀር ሲጠይቁት በሚመልስበት ዘመን፣ አንዲት ሚዳቋ ነበረች። ባል ነበራት፤ ሁለት ልጆች ነበሯት፤ ሦስተኛውን አርግዛ ነበር። ቤቷ ነብር በሚገዛው ተራራና ጅብ በሚገዛው ቆላ መካከል፣ ወንዝ ዳር ነው።

በዚያ ዘመን ዓለሙ ሁሉ ይማማል ነበር። ነብር ከዝሆን ጋር ተማማለ፤ ጅብ ከጎሽ ጋር ተማማለ። ዝሆን ደግሞ ባሕር ማዶ ካለው አዞ ጋር፣ ጎሽም ከንስር ጋር ተማማለ። «አንተን የነካ እኔን ነካ» ተባባሉ። መሐላው ሲበዛ ሰላሙ የበዛ መሰላቸው። ማን ይደፍረናል አሉ፣ ሞኞች።

አንድ ቀን የጅብ ወገን የሆነው ቀበሮ የዝንጀሮን ልጅ ነክሶ ገደለ። በሾላ ፍሬ ተጣልተው ነው። ይኸው ነው፣ በሾላ።

ዝንጀሮ የነብር ወገን ነውና እያለቀሰ ነብር ዘንድ ሄደ። ነብር «ምን ላድርግ፣ ምያለሁ» ብሎ ተነሣ። ጅብ ይኼን ሰማና ስለ ቀበሮ «ምን ላድርግ፣ ምያለሁ» ብሎ ተነሣ። ዝሆን ተነሣ፤ ጎሽ ተነሣ፤ ንስር ከገደሉ ተነሣ። ሾላ በአፉ ዞሮ የማያውቀው አዞ እንኳ «ምን ላድርግ፣ ምያለሁ» እያለ ባሕር አቋርጦ መጣ።

በዋዜማው ሚዳቋ ውሃ ልትጠጣ ወንዝ ወረደች። ኮቴ ስትሰማ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ከወዲህ ማዶ ነብር መጣ። ጎንበስ ብሎ ጠጣና ለራሱ፣ «ጅብ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል እኔም እመለስ ነበር። እኔ ከቀደምኩ ግን ፈራ ይሉኛል» አለ። ሄደ። ጥቂት ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ጅብ መጣ። ጠጣና እሱም ለራሱ፣ «ነብር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል እኔም እመለስ ነበር። እኔ ከቀደምኩ ግን ፈራ ይሉኛል» አለ። ሄደ።

ሚዳቋ ሁለቱንም ሰማች። ወጥታ «ጌቶቼ፣ ሁለታችሁም መመለስ ትፈልጋላችሁ» ልትላቸው አሰበች። ግን ሚዳቋ ናት፤ ይበሉኛል ብላ ፈራች። ዝም አለች።

በማግስቱ ነጋሪት ተጎሰመ። ባሏ «ምን ላድርግ፣ ምያለሁ» ብሎ ከነብር ጋር ሄደ፤ አልተመለሰም። ትልቁ ልጇ አባቴን ልፈልግ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ትንሹ ወንድሜን ልፈልግ ብሎ ሄደ፤ አልተመለሰም። ደኑ ነደደ። ወንዙ ሬሳ ተሸክሞ ወረደ። ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ እንዲህ አለፈ፤ በመጨረሻ ሁሉም ደከመ። የጅብ ወገን ትንሽ ቀድሞ ወደቀ፤ ያን ጊዜ የቆመው ወገን አሸነፍኩ አለ።

ለሚዳቋ የቀራት ያ በሆዷ የነበረው ልጅ ብቻ ነው። ማስረሻ አለችው። የሞተ ልጅን የሚያስረሳ ልጅ እንደሌለ ታውቃለች፤ ቢሆንም ስሙን መጥራት ደስ ይላት ነበር።

ቀበሮ በጦርነቱ ሞቷል። ታዲያ አሸናፊዎቹ «ይኼን እሳት የጫረው ማን እንደሆነ ይታወቅ፤ አውጫጭኝ ይቀመጥ» አሉ። የእሾህ አጥር ታጠረ። ከጦርነቱ የተረፈው ሁሉ፣ አሸናፊውም ተሸናፊውም፣ ልጁን ይዞ ገባ። ጥፋተኛው በስም እስኪጠራ ድረስ ማንም አይወጣም። ዛፍ ላይ ሆኖ ጦርነቱን ያሳለፈው፣ ነጭ ካባ የደረበው ጉሬዛ ዳኛ ሆነ፤ ነብር በቀኙ ተቀመጠ።

በመጀመሪያው ቀን ጉሬዛ ነጋሪትን ጠየቀ። «አንተ ነህ የጀመርከው?»

«እኔ ሆዴ ባዶ ነው» አለ ነጋሪት። «ሲመቱኝ እጮኻለሁ። የመታኝን ጠይቁ።»

በሁለተኛው ቀን ጦርን ጠየቀ።

«እኔ እጅ የለኝም» አለ ጦር። «የወረወረኝን ጠይቁ።»

በሦስተኛው ቀን እሳትን ጠየቀ።

«እኔ የሰጡኝን እበላለሁ» አለ እሳት። «ያጎረሰኝን ጠይቁ።»

አጥሩ ውስጥ የነበረው ሣር በመጀመሪያው ቀን አልቋል። በአራተኛው ቀን ማስረሻ ቆሞ መሄድ አቃተው።

«እማዬ፣ ራበኝ።»

«ትንሽ ታገሥ የኔ ልጅ።»

«እማዬ፣ ትናንትም ትንሽ ብለሽኛል።»

ያን ጊዜ ጉሬዛ «አንቺ ሚዳቋ፣ ወንዝ ዳር ነዋሪ ነሽ። የምታውቂውን ተናገሪ» አላት።

ሚዳቋ ቀረበች። «ጌታዬ፣ ነገሩ ረጅም ነው። በዋዜማው ነብርም መጣ፣ ጅብም መጣ፣ ሁለቱም...»

ነብር ቀና ብሎ አያት። ጉሬዛ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ረጅም ነገር አልጠየቅሁሽም፣ የኔ እመቤት። የጠየቅሁሽ ስም ነው። ስም ስትሰጪን በሩ ይከፈታል።»

ሚዳቋ ዞራ ልጇን አየች። ማስረሻ አፈር እየላሰ ነበር።

«ጅብ ነው» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ስሙን ስትናገር ቀለል አላት። ባሏም ልጆቿም በአንድ ስም የተጠቃለሉ መሰላት። በሩ ተከፈተ። ማስረሻ ለምለም ሣር ጋጠ፤ ዳነ።

ፍርዱም ይኼ ሆነ፦ ጅብ የተባለ ሁሉ ቆላውን ለቆ ድንጋያማው በረሃ ይግባ። ውሃ ሲጠማውም ሌላው ጠጥቶ ከወጣ በኋላ የደፈረሰውን ይጠጣ። ጎሽና ንስር «እኛ እኮ የተከተልነው ጅብን ነው» ብለው በነፃ ሄዱ።

በበረሃው የዚያው የጅብ ልጅ የሆነ አንድ ግልገል አደገ። በየቀኑ እናቱን «እማዬ፣ ለምን ጭቃ እንጠጣለን?» ይላታል። እናቱም በየቀኑ «ሚዳቋ ስማችንን ጠርታ ነው» ትለዋለች። ወንድሞቹ በረሃብ አለቁ፤ እናቱም ሞተች። እሱ ግን ቂሙን እየጠጣ ጎለመሰ።

ጎልምሶም ነጋሪቱን መታ፤ ጦሩን አነሣ፤ እሳቱን አጎረሰ። ዓለም እንደገና ተማማለ። ይኼኛው ከፊተኛው ባሰ፤ ፊተኛው ዛፉን አቃጥሎ ሥሩን ትቶ ነበር፣ ይኼኛው ሥሩንም አልተወም።

ማስረሻ ያን ጊዜ ቀንድ አውጥቷል። አንድ ማለዳ እናቱ ፊት ቆመና «እማዬ፣ ምን ላድርግ፣ ምያለሁ» አላት።

ሚዳቋ መንገዱ ላይ ተኛችበት። ያኔ ያልተናገረችውን ሁሉ፣ ነብር ያለውን፣ ጅብ ያለውን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። ማስረሻ አዳመጣት።

«አሁን ለማን ልንገረው?» አለ። «አሁን ማን ይሰማል?» እናቱን ተሻግሯት ሄደ። አልተመለሰም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ሚዳቋ ሬሳውን እንኳ ላግኝ ብላ የተቃጠለውን ሜዳ ስትዞር፣ አመድ ላይ የወደቀ ጅብ አገኘች። ያ ግልገል ነው። አከርካሪው ተሰብሯል።

«ሚዳቋ አንቺ ነሽ?» አላት።

«እኔ ነኝ። ከፈለግህ ብላኝ፤ አልሸሽም።»

«መብላት አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አባቴን ብቻውን ለምን ጠራሽው?»

«ልጄ ርቦት ነበር» አለች ሚዳቋ። «ስም ካልሰጠሽ በሩ አይከፈትም አሉኝ።»

ጅብ ራሱን አመዱ ላይ አሳረፈ።

«እኔም እኮ አጥሩ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ከእናቴ ሥር ተኝቼ። እኔም ርቦኝ ነበር። በሩ ሲከፈት ከሁሉ በላይ የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ ለእኛም የተከፈተ መስሎኝ።»

ይኼን ብሎ ሞተ። ሚዳቋ አጠገቡ ተቀመጠች። የምትፈልገው ልጅ እንደማይገኝ ገባት። የምትጠራው ስምም አጣች።

እንግዲህ ልጆች፣ ሰው ከጦርነት ሲወጣ አንድ ስም ይፈልጋል፤ በዚያ ስም ላይ ሁሉን ጭኖ ወደ ቤቱ ለመሄድ። የሚቀጥለው ጦርነት የሚወለደው እዚያ ላይ ነው። እናንተ ተጠይቃችሁ እንደሆነ፣ ረጅም ቢሆንም ረጅሙን ተናገሩ። ትሰሙኛላችሁ ብዬ አይደለም፤ እኔም በልጅነቴ ሲነግሩኝ አልሰማሁም።

ተረት ሲያልቅ ለተራኪው ዳቦ ማቅረብ ልማድ ነው። ዛሬ ይቅር፤ አይወርድልኝም።