አህያ ያላነሳት ድንጋይ

በድሮ ዘመን፣ ልጆቼ፣ አንበሳ ሞቶ ዙፋኑ ባዶ በቀረ ጊዜ፣ አራዊት «ከእንግዲህ ሕጉን ራሳችን እናወጣለን፤ ራሳችን እንሽራለን» ተባባሉ። ጦጣ ተንኮለኛ ነበረች። ጃርት ሠራተኛ ነበረች። አህያ ደግ ነበር፤ ደግ፣ ግን ይሉኝታ የበላው!

ሥርዓታቸው እንዲህ ነው። ሕጉን የወደደ፣ ማንም ሳያየው ከመሰብሰቢያቸው ዋርካ ጀርባ ድንጋይ ያስቀምጣል። ድንጋዩ ከበዛ ሕግ ሆነ። ሲሻር ግን ያስቀመጠ ሁሉ በአደባባይ የየራሱን ድንጋይ ያነሳል። የሌላውን መንካት ነውር ነው። አንዲት እንኳ ከቀረች ሕጉ ይጸናል።

አንድ ቀን ጦጣ ከጃርት ጉድጓድ ሥራሥር ልትሰርቅ ገብታ በእሾህ ተወጋች። ቂም ያዘች። «ጃርት እየቆፈረች ምንጫችንን አደፈረሰችው! ሁለተኛ ከምንጩ አትድረስ!» ብላ ሕግ አቀረበች።

ዝንጀሮ አስቀመጠ። ሚዳቋ አስቀመጠች። አህያ የጃርት ጎረቤት ነውና ልቡ እምቢ አለው። ጦጣ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ፣ «አንተም በኮቴህ ስታደፈርስ አይቻለሁ። ነገ ያንተ ተራ እንዳይሆን» አለችው። ፈራ። ሄዶ አስቀመጠ። ድንጋዩ በዛና ሕጉ ወጣ።

ጃርት እያለቀሰች መጣች። «አያ አህያ፣ አንተም አስቀመጥክብኝ?»

«እኔ? ምን ቆርጦኝ፣ እመት ጃርት!»

በጋው ከረረ። ለካ የምንጩን አፍ እየቆፈረች ስትጠርግ የኖረችው ጃርት ኖራለች! ምንጩን ደለል ሞላው። የጃርት ልጅ ጉሮሮዋ ደርቆ ተኛች። አራዊቱ ደነገጡና ሕጉን ሊሽሩ ከዋርካው ሥር ተሰበሰቡ።

ዝንጀሮ አነሳ። ሚዳቋ አነሳች። ያቺ ጦጣ እንኳ ውሃ ሲጠማት አነሳች። አንዲት ድንጋይ ቀረች።

«ይህች የማን ናት?» አሉ።

«የማን ናት?» አሉ ደግመው።

ጃርት ልጇን አቅፋ፣ «ኧረ በፈጠራችሁ፣ የማን ናት?» አለች።

አህያ ድንጋይዋን አየ። ጃርትን አየ። «ባነሳት ውሸቴን ታውቃለች። ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አያታለሁ?» አለ በልቡ። መሬት መሬት እያየ ዝም አለ። ሕጉ ጸና።

በሦስተኛው ቀን የጃርት ልጅ ሞተች። ጃርት ቀብራት አገሩን ለቃ ሄደች። ጦጣ ጭቃ እየላሰች ቀረች፤ እሰይ፣ የእጇን አገኘች! በአህያ ግን ማንም አላወቀበትም። ይኸው እስከ ዛሬ አንገቱን ደፍቶ ይሄዳል። መሬት ባየ ቁጥር በዓይኑ የምትመጣበት ያቺ ድንጋይ ናት።

አያችሁ ልጆቼ፣ ክፉ ሕግ የሚወጣው በክፉዎች ነው። የሚኖረው ግን ማፈር በሚፈሩ ደጎች ነው። በሉ፣ ተረቴን መልሱ፣ ድንጋያችሁን አንሱ።