የባሕር ወፎችና የሕፃናቱ ዓለት

«ተረት ተረት!»
«የባሕር በረት!»

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ሰፊ የጨው ባሕር ዳር፣ ዓሣ አጥምዶ የሚያድር መንደር ነበረ። ዓሣውን የሚያሳያቸው ወፍ ነው። ነጫጭ የባሕር ወፎች ተወርውረው ውኃ ውስጥ ሲጠልቁ ሰዎቹ ያዩና መረባቸውን እዚያ ይጥላሉ። ወፎቹ የሚፈለፍሉት በአንዲት ደሴት ላይ ነበረ። የመንደሩ ልማድ ደግሞ ሙሽራ ጎጆ ሲወጣ የቤቱን መሠረት ድንጋይ ከዚያች ደሴት ማምጣት ነው። የወፍ ኩስ ያነጣው ድንጋይ ልጅ ያበዛል ይባላልና። አባት ወሰደ፤ ልጅ ወሰደ፤ የልጅ ልጅ ወሰደ። ደሴቷም ዝቅ፣ ዝቅ አለችና አንድ ክረምት ባሕሩ ከነእንቁላሉ ዋጣት።

ከዚያም ወፎቹ ማረፊያ አጡ። አመሻሽ ላይ ከየጣራው በላይ እየዞሩ ይጮኻሉ። ሲደክማቸው እንደ ጨርቅ ይወድቃሉ። የቀሩት ጥቂት ሆኑና መረቡ ባዶውን ይመለስ ጀመር። የመንደሩ ሹም አያ ዘርጋው፦ «ጓዛችሁን እሰሩ፤ ከሳምንት በኋላ ወደ ደጋ እንወጣለን» አሉ።

ደምለው የሚባል ወጣት ግን ይህን ሲሰማ ጓዙን አላሰረም። ሴት ልጁ በስልሳ ቀኗ፣ ክርስትና ሳትነሣ ሞታበታለች። እንዲህ ያሉ ሕፃናት የሚቀበሩት ከባሕሩ መካከል በቆመ ጥቁር ዓለት ላይ ነው። ከቀባሪ በቀር ማንም አይረግጠውም። መንደሩ ከሄደ ልጁ ብቻዋን ልትቀር ነው።

ሚስቱን አንጓችን፦ «ወፎቹን እዚያ ዓለት ላይ ባሳርፋቸውስ?» አላት።

እሷም፦ «ወፍ ወፍ ካላየ አያርፍም» አለችው።

ከዚያም ደምለው ከአሮጌ ታንኳው እንጨት ወፎች ጠረበና ነጭ አፈር ቀባቸው። አያ ዘርጋው አዩትና ሳቁ፦ «አንተ ደምለው፣ እንጨቱ እንቁላል ሊጥልልህ ነው? ይልቅ ጠብሰህ ብላው!»

ደምለውም፦ «የእኔም የእርስዎም ቤት የቆመው በእነሱ ድንጋይ ነው፣ አያ» አላቸው።

አያ ዘርጋው ፊታቸውን አዙረው ሄዱ።

የእንጨት ወፎቹን ዓለቱ ላይ ደረደራቸው። ወፎቹ መጡ፤ ዞሩ፤ አላረፉም። በማግስቱም መጡ፤ አላረፉም። ጓዙ በአህያ ሊጫን አንድ ቀን ሲቀረው አንጓች፦ «ድምፅ የለማ! ድምፅ በሌለበት ማን ቤት ይገባል?» አለችና ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ አብራው በታንኳ ሄደች።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ዓለቱ ላይ ወጡ። ነፋስ የለም። አንጓች ከልጇ መቃብር አጠገብ ተቀመጠችና፦ «እሹሩሩ፣ እሹሩሩ» አለች። ወፎቹ በላያቸው ያለ ድምፅ ዞሩ። እንደገና፦ «እሹሩሩ» አለች።

ከመቃብሩ ድንጋይ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ መለሰላት።

ከዚያም ሌላ። ከዚያም ሌላ። ዓለቱ ሁሉ እንደ ጫጩት ጮኸ። የደምለው ጠጉር ቆመ። ወፎቹም ድምፁን ሰሙና እንደ በረዶ ወረዱ። በየመቃብሩ ላይ አንድ አንድ ወፍ ተቀመጠችና ክንፏን ዘረጋች። አንዲቱ የአንጓችን እግር ታካ ልጇ መቃብር ላይ አረፈች።

አንጓች ጮኸች፦ «ሕያው ናት! የኔ ናት፣ ድምፅዋን አውቀዋለሁ! አንተ፣ ድንጋዩን አንሣ!»

ደምለው ጎንበስ አለና ድንጋዩን በሁለት እጁ ያዘ። ድንጋዩ ይሞቃል። ወፏ ቀና ብላ አየችው። እሷ ከተነሣች ሁሉም ይነሣሉ፤ ከተነሡም አይመለሱም።

«አንሣው እንጂ! አባቷ አይደለህም?»

«ነኝ» አላት። ድንጋዩን ለቀቀና አንጓችን ተሸክሞ ወደ ታንኳው ወረደ።

በማግስቱ ወፎቹ ከዓለቱ ወጥተው ውኃው ላይ ተወረወሩ። መረብ ተጣለና ዓሣ ወጣ። አያ ዘርጋው የአህያቸውን ጭነት ፈቱ።

አንጓች ግን ባሏን ሰባት ቀን አላናገረችውም። አመሻሽ ሲሆን ባሕሩ ዳር ትቆምና ጆሮዋን ወደ ዓለቱ ትጥላለች። በስምንተኛው ቀን መጥታ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዛሬ ዝም ብላለች» አለችው።

«ተኝታ ይሆናል።»

«እንግዲያውስ ቀስ ብለህ አውራ» አለችው።

ተረቴን ወደ ባሕሩ መልሱ፤ አፌን በእራታችሁ አብሱ።