በቀጭን አምባ ሚካኤል ምድር ቤት ደጃፍ ላይ «ቤቶች!» የሚባልበት ምክንያት

በቀጭን አምባ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር ወዳለው የመቃብር ምድር ቤት አስከሬን ይዞ የሚወርድ ሁሉ ደጃፉ ላይ ቆሞ፣ ለቅሶውን ገታ አድርጎ፣ «ቤቶች!» ሳይል አይገባም። እንግዳ የሆነ ሰው ሙታን ቤት ማን ሊከፍትላቸው ነው ብሎ ይደነግጣል። ያገሩ ሰው ግን አይስቅም፤ ቢስቅም ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ነው።

ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት፣ ምድር ቤቱን ያስቆፈሩት ግራዝማች ይርሳውና ባላምባራስ ጓንጉል የሚባሉ ጎረቤታሞች ነበሩ። ግድግዳው ላይ የየሰዉ መተኛ ሲፈለፈል፣ ከመንበሩ ትክክል በታች የዋለችው አንዲት ብቻ ሆነችና፣ ጸሎቱ ቀድሞ የሚደርሰው እዚያ ነው ብለው ሁለቱም «የኔ ናት» አሉ። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ አስቦ አስቦም «ቀድሞ የሞተ ይውሰዳት» ብሎ ፈረደ ይባላል። ከዚያ ወዲያ ጭንቅ ሆነ። ቦታዋን ሁለቱም ይፈልጋሉ፤ መሞት ግን የሚፈልግ የለም። ስለዚህ ባላምባራስን ጉንፋን ሲይዛቸው ግራዝማች ማር ይዘው ይሮጣሉ፤ ግራዝማችን ወገባቸውን ሲያማቸው ባላምባራስ ጠበል ያስቀዳሉ፤ አንዱ ለሌላው ዕድሜ ሲሳል የሰማ ሁሉ «እንዲህ ያለ ፍቅር አይተን አናውቅም» ይል ነበር።

ማሩ አልበጀምና ባላምባራስ ሞቱ። ግራዝማች ይህን ሲሰሙ ከቀባሪው ቀድመው ወረዱና ጋቢያቸውን ተከናንበው ቦታዋ ላይ ተጋደሙ። ቃሬዛው ሲገባ ከጨለማው ውስጥ «ተይዟል!» የሚል ድምፅ ወጣ። ተሸካሚዎቹ አስከሬኑን አስቀምጠው፣ አንዳንዶች እንደሚሉት ደግሞ ጥለው፣ እየተረጋገጡ ደረጃውን ወጡ።

ግራዝማች ከባላምባራስ ጋር ብቻቸውን ቀሩ።

«በል እንጂ ጓንጉል፣ ተናገር! መቼም ዝም ብለህ አታውቅ» አሉ። ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው «ቅር አለህ እንዴ?» አሉ። ከእንግዲህ ቢያማቸው የሚሮጥላቸው ሰው እንደሌለ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ተነሥተው እያለቀሱ ወዳጃቸውን እንደምንም ጎትተው ቦታዋ ላይ አስተኙና በገዛ ጋቢያቸው አለበሷቸው።

ላይ ደግሞ ሰዉ «አንተ ውረድ፣ አንተ ውረድ» ሲባባል፣ የደብሩ አለቃ መስቀላቸውን አስቀድመው እስከ ደጃፉ ወረዱና፣ ሌላ የሚሉት ቢጠፋቸው «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። ከውስጥም የግራዝማች ድምፅ «ግቡ፣ ግቡ፤ እኛው ነን» አለ።

ግራዝማች ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖሩ። ሊሞቱ ሲሉም «እኔን በሩ ሥር ቅበሩኝ፤ ሰው ሲጣራ የሚመልስ ያስፈልጋል» ብለው ተናዘዙ ይባላል። ስለዚህም ዛሬ ቀባሪው ከተጣራ በኋላ ጥቂት ይቆያል። ትከሻው የዛለ ተሸካሚ «አሁን ምን ያስቆመናል?» ብሎ ሲያጉረመርም፣ ከኋላ ያሉት ቀስ ብለው «ተው እንጂ፣ ሽማግሌ ናቸው፤ እስኪነሡ ታገሥ» ይሉታል።