ባላምባራስ ያልጨበጡት ሰም

ቆይ፣ ቆይ፣ መጀመሪያ ሳቄን ልጨርስ! ያ አዋዜ በሙሽራው አባት ነጭ ኩታ ላይ ሲረጭ ዓይኔ ላይ እየመጣብኝ እኮ ነው። ግን እሱ ምኑም አይደል፤ ዋናው መጨረሻው ላይ ነው። ታገሡኝ ብቻ፣ እኔም ልረጋጋ።

አንድ ቢላ ሠሪ ነበር፤ ስሙ ፈንታዬ። ቢላውን እሱ ይቀጠቅጣል፣ አፎቱን ሚስቱ ይርገዱ ከቆዳ ትሰፋለች። ቤታቸው አንዲት ክፍል ናት። ወናፉ በአንድ ወገን፣ ቆዳው በሌላ ወገን፣ መሀል ላይ እነሱ እየተጋፉና እየተቀላለዱ ይውላሉ። የዚህ ሰው ቢላ ታዲያ እንደ ገበያ ቢላ አይደለም። መጀመሪያ የንብ ሰም በእሳት ያለሰልስና «ጨብጠው» ይልሃል። ትጨብጣለህ። የጣቶችህ ልክ ሰሙ ላይ ይቀራል። እጀታውን በዚያ ልክ ይቀርጸዋል። ከዚያ በኋላ ቢላው ላንተ እጅ ብቻ ነው፤ ሌላው ቢይዘው አይመቸውም።

ያገሩ ሰው ቢላውን ይወዳል፣ ሰውየውን ይሸሻል። «የቀጥቃጭ እጅ የነካ ይታመማል» ይባል ነበር። ዕቃቸውን ሲወስዱ እንኳ «እዚያ ድንጋይ ላይ አስቀምጥልኝ» ነው የሚሉት። አይ ሰው! በሱ ቢላ እየቆረጠ እየበላ!

እንግዲህ ባላምባራስ ወንድይራድ የሚባሉ የዚያ አገር ባላባት ልጃቸውን ሊድሩ ሆነ። ባገሩ ደንብ የሙሽሪት አባት የመጀመሪያውን ጥሬ ሥጋ በገዛ እጁ ቆርጦ የሙሽራውን አባት ያጎርሳል። ለዚህ ክብር የሚሆን ቢላ ከነአፎቱ ከፈንታዬ አዘዙ። ፈንታዬም ሰሙን በቅጠል ጠቅልሎ «እሳት አሙቀው ጌታው ይጨብጡትና መልሱልኝ» ብሎ በአጋፋሪያቸው እጅ ላከ።

ባላምባራስ ሰሙን ከሩቅ አዩት።

«ይሄን እሱ ነክቶታል?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንተ ጨብጥልኝ። እጅ እጅ ነው።»

አጋፋሪው «እሺ» ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ። ወጣና የት ገባ? ወጥ ቤት! እሱም ተጸይፏላ! ማንጠግቦሽ የምትባል ቀጭን ወጥ ሠሪ ነበረች፤ ሰሙን ሰጣት።

«እንኪ፣ ይሄን እሳት አሙቂና ጨብጪው።»

«ምንድን ነው?»

«ጨብጪ አልኩሽ!»

ጨበጠች፣ መለሰች፣ ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ፈንታዬ ሰሙ ሲመለስለት ገረመው። «ይርገዱ፣ የባላምባራስ እጅ እንዴት ትንሽ ናት!» አላት። እሷም መርፌዋን ሳታቆም «ሥራ የማያውቅ እጅ ከየት ያድጋል?» አለችው። ሁለቱም ሳቁ፣ ቢላውን በዚያ ልክ ሠሩት። ስሕተታቸው ይቺው ናት።

የሠርጉ ዕለት ባላምባራስ ካባቸውን ደርበው፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት ቢላውን ከአፎቱ መዘዙ። እጀታው መዳፋቸው ውስጥ ጠፋ። ሥጋውን ሊቆርጡ ጫን ሲሉት ቢላው ሙልጭ ብሎ አመለጣቸውና የአዋዜው ሳህን ውስጥ ወደቀ። አዋዜው ተረጨ፤ የሙሽራው አባት ከነኩታቸው ቀይ ሆኑ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ባላምባራስ ሽማግሌዎች ፊት ቀረቡ። «ይህ ቀጥቃጭ አዋርዶኛል። ወናፉን ነቅሎ ካገሬ ይውጣልኝ!» አሉ። እዚህ ላይ አልሳቅሁም። ፈንታዬ አባቱም አያቱም እዚያው ኖረው እዚያው ነው የተቀበሩት፤ የት ይሂድ? ይርገዱ ሳይፈረድባቸው ገና ቆዳዋን መጠቅለል ጀምራለች።

ፈንታዬ ሰሙን ከጉያው አወጣ። «አባቶቼ፣ እኔ የሠራሁት በዚህ ልክ ነው። ጌታው ይጨብጡት። ለእጃቸው ከገጠመ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዛሬውኑ እወጣለሁ።»

ባላምባራስ እጃቸውን ካባው ውስጥ ሸሸጉ። «እኔ እንኳ... አጋፋሪዬ ነው የጨበጠው።»

አጋፋሪው ተጠራ። ጣቶቹ ሰሙ ላይ ፈጽሞ አልገጠሙም። ላቡ እየወረደ «እኔ እንኳ... ለማንጠግቦሽ ሰጠኋት» አለ።

ማንጠግቦሽ እጇን በቀሚሷ እየጠራረገች መጣች። ሰሙን ያዘችው፤ ልክክ! ቢላውን ሰጧት። «እውይ! እንዴት ይመቻል!» አለች ምስኪን፣ ምን እንደተፈጠረ እንኳ ሳታውቅ።

ትልቁ ሽማግሌ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ፈረዱ። «ቢላው የሷ ነው። ፈንታዬ ከቦታው አይነቃነቅም። እርስዎም ባላምባራስ፣ ቢላ ካሻዎት እጅዎን ይዘው ይሂዱ።»

የመልሱ ድግስ ደርሷል፣ ባላምባራስ ደግሞ ሊቆርጡ ነው። ምን ያድርጉ? ያለ አጋፋሪ፣ በእግራቸው፣ ብቻቸውን ሄዱ። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ከልጅነታቸው ሲነገራቸው ያደጉትን አምነው ነው። ፈንታዬ የለሰለሰውን ሰም መዳፋቸው ላይ ሲያደርግላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለካ ንቀው ብቻ ሳይሆን ፈርተውም ኖሯል! ጣታቸው አልታጠፍ ሲል ፈንታዬ ሰው እንደማይነካው ረስቶት በጥላሸታሙ እጁ እጃቸውን ጠቅልሎ ያዘና ጫን አደረገው። ከዚያ ትዝ አለው። እሳቸውም ደነገጡ፣ እሱም ደነገጠ። ግን ማንም እጁን አላነሣም።

እኔ ከዚህ የያዝኩት ይሄን ነው፦ የሰውን ሥራ እየወደድን ሠሪውን ከሸሸን፣ ሥራውም ለኛ ልክ አይሆንም፤ በሰው ፊት ከእጃችን ያመልጣል። መቅረብንም እንደ ሰሙ «ጨብጥልኝ» ብለን በሌላ ሰው አናስደርገውም፤ ራሳችን እንሂድ። እናንተስ፣ የሠራውን እየተጠቀማችሁ እጁን ያልጨበጣችሁት ሰው ማን ነው? አስቡትና ለሌላውም ንገሩ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሁለቱ እንደዚያ እጅ ለእጅ ተያይዘው ደርቀው ሲቀሩ፣ ይርገዱ ከምትሰፋው አፎት ቀና ብላ አየቻቸውና እንዲህ አለች፦

«ይኸው ጌታዬ፣ እርስዎም አልታመሙ፣ እኛም አልታመምን።»