ደብዳቤ የተጻፈላት ታክሲ

ደሴ ውስጥ አንድ አፉ የማያርፍ ባለታክሲ ነበር። አንድ ቀን ታክሲዋን የሠራው ፋብሪካ «ፍሬኑን ስንሠራ ተሳስተናል፤ ወደ ጋራዣችን አምጣትና በነፃ እንቀይርልህ» የሚል ደብዳቤ ላከለት። ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር ጎማዋ ሥር ድንጋይ ሲያደርግ የኖረው መንዳት ስለማይችል ይመስለው ነበርና፣ ደስ ብሎት ሄደ።

የጋራዡ ኃላፊ ኢንጂነር ልሳነወርቅ ግን ደብዳቤውን ዞር ብለውም አላዩት።

«በሃያ ዓመት ሥራዬ የፍሬን ጥፋት አይቼ አላውቅም፤ የማየው የሾፌር ጥፋት ነው። ‹ጥፋቱ የራሴ ነው› ብለህ ፈርምና መኪናህን ይዘህ ሂድ» ብለው ወረቀት ገፉለት።

ባለታክሲው አንገቱን ደፋ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። የጎረቤቴን ሱቅ ሁለት ጊዜ ገጭቻለሁ። ባለቤቴም ቁልቁለት ስንደርስ ወርዳ በእግሯ ነው የምትሄደው። የእኔ ጉድለት ተቆጥሮ አያልቅም። ነገር ግን እኔን የሠራኝ እስካሁን ‹ተሳስቻለሁ› ብሎ አልጻፈም፤ እሷን የሠራት ጽፏል። ለጊዜው የተጻፈላትን ይጠግኑልኝ፤ የእኔ ደብዳቤ ሲደርሰኝ ደግሞ ራሴን ይዤ እመጣለሁ።»