ቀይ ክር፣ ነጭ ክር እና የጋሽ ድልነሳ ተመስገን

አንድ የኩላሊት ሐኪም ነበር። ኩላሊታቸው የደከመባቸውን ሰዎች የሚያክመው በሆዳቸው በኩል ነው። በቀጭን ቱቦ ንጹሕ ፈሳሽ ያስገባል፤ ፈሳሹ ሆድ ውስጥ ቆይቶ የደሙን ቆሻሻ ይስብና ተመልሶ ይወጣል።

ከዕለታት በአንዱ ሁለት ዓይነት ፈሳሽ ቀረበለትና «ለዓመቱ አንዱን ምረጥ» ተባለ። ምልክት እንዲሆነው የአንዱን ከረጢት በቀይ ክር፣ የሌላውን በነጭ ክር አሰረ። በየተራ ሞከራቸው። በምርመራ እኩል ሆኑበት፤ ሁለቱም ደም ያጠራሉ። የቀረው አንድ ነገር ነው፦ የትኛው ሲገባ ያማል? ይህን የሚያውቀው ባለሆዱ ብቻ ነው። ሐኪሙ የፈራው ደግሞ ያመመው ሰው ሕክምናውን ሸሽቶ እንዳይቀር ነበር፤ የቀረ ሰው አይተርፍምና።

ስለዚህ ከሕሙማኑ በዕድሜ ትልቁን፣ ጋሽ ድልነሳን ጠየቀ።

«ቀዩ ሲገባ ሆድዎን እንዴት አደረገዎት?»

«ተመስገን ነው፣ ልጄ።»

«ነጩስ?»

«እሱም ተመስገን ነው።»

«ጋሽ ድልነሳ፣ ተመስገኑን ለፈጣሪ ያድርሱልኝ። ለእኔ ሆድዎን ይንገሩኝ!»

«ሆዴማ ምን ይላል? አንተ ይህን ያህል እየደከምክለት!»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን ነከሰ። ወደሚቀጥለው አልጋ ሄደ፤ ተመስገን። ወደዚያኛው ተሻገረ፤ ተመስገን። በስተመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ «ልዩነት የላቸውም» አለ። ቀዩ በቀላሉ የሚገኝ ስለነበር የዓመቱ ቀይ ተጭኖ መጣ፤ መጋዘኑ እስከ ጣሪያው ሞላ።

በማግስቱ ሐኪሙ ሳይታሰብ ወደ ክፍሉ ገባ። ጋሽ ድልነሳ የአልጋውን ብረት ጨብጠው፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ነክሰው፣ ላብ አጥምቋቸዋል።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም። ተመስገን።»

«ኤዲያ!» አሉ ሚስታቸው ወይዘሮ የሻረግ። «የምን ተመስገን? ቀዩ በገባ ቁጥር በርበሬ ነው የሚለው። በነጩ ጊዜ እንቅልፍ ይወስደው ነበር። ለእኔ ይጮኻል፣ ላንተ ይስቃል!»

ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ባለ የፈሳሽ ካርቶን ላይ ዘጭ አለ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ለፍተህ ያመጣኸውን እንዴት አቃጠለኝ ልበልህ? ይከፋሃል ብዬ ነዋ።»

«አሁንማ ደስ ብሎኛል! አያዩኝም?»

ከወዲያኛው አልጋ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነት ለመናገር እኔንም ያቃጥለኛል።»

«እኔንም» አለች ሌላዋ።

«እናንተስ እስካሁን የት ነበራችሁ?» ጮኸ ሐኪሙ።

«ጋሽ ድልነሳ ተመስገን ካሉ እኛ ምን ብለን እንናገር?»

ጋሽ ድልነሳ ዞር ብለው ክፍሉን አዩ። ሁሉም የአልጋውን ብረት ጨብጧል።

«ነጩ መቼ ይመጣል?» አሉ በቀስታ።

«መጋዘኑ ሲያልቅ።»

ያን ጊዜ ጋሽ ድልነሳ ተመስገን አላሉም።

ወገኖቼ፣ ፈጣሪን ማመስገን መልካም ነው፤ አታመስግኑ የሚል ሰው እንዳይመስላችሁ። ሐኪም የጠየቀው ጥያቄ ግን የሚመለሰው ለሐኪም ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። የባሰው ግን ሌላ ነው፤ በይሉኝታ የዋጥነው ቃል የእኛን ሆድ ብቻ አቃጥሎ አይቀርም፣ የእኛን አፍ የሚጠብቀውን የጎረቤታችንንም ያቃጥላል።

እስቲ እርስዎ፣ ዛሬ ጠዋት «ደህና ነኝ» ያሉት እውነት ደህና ሆነው ነው?