ጡረተኛው በሕይወት መኖሩን ሲያረጋግጥ

አንድ የጡረታ መሥሪያ ቤት ለሕዝብ ጥያቄ መልስ መስጠት ሰለቸውና ሥራውን ለአንድ የግል የጥሪ ማዕከል በኮንትራት ሰጠ። ከዚያ ወዲህ ባለጉዳይ በሩ ላይ ሲደርስ ጥበቃው «ጥያቄ በስልክ ነው» ብሎ ይመልሰዋል። ሲደውል ደግሞ አንዲት ድምፀ መልካም ልጅ ሙዚቃ ስታሰማው ትቆይና «እኛ የእርስዎን ጉዳይ አናውቅም፤ መሥሪያ ቤቱን ይጠይቁ» ትለዋለች።

ጡረታው የተቋረጠበት አንድ ሽማግሌ በበሩና በስልኩ መሃል ወር ሙሉ ተንከራተተ። ሰውየው የሰፈሩ እድር ድንኳን ተካይ ነበር፤ ምላሱም የዋዛ አልነበረም። በመጨረሻ ጡረተኞች በሕይወት መኖራቸውን በአካል ቀርበው የሚያረጋግጡበት ቀን ደረሰና ስሙ ተጠርቶ ኃላፊው ፊት ቀረበ።

ኃላፊው ወንበሩ ላይ እንደተንፈላሰሰ፣ «አባባ፣ ጡረታዎ የቆመው ሞተዋል ተብሎ ነው። ቆመው ስላየሁዎት ብቻ አላምንም፤ መኖርዎን ያስረዱኝ!» አለና ወደ ጸሐፊዋ ዞሮ ሳቀ።

ሽማግሌው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ጌታዬ፣ እኔ ስንት ለቅሶ ቤት ድንኳን ተክያለሁ። የሞተ ሰው ሲጠሩት አይመልስም፤ ስለ እሱ የሚናገሩለት ሌሎች ናቸው። እኔ ቅድም ስሜን ሲጠሩ ‹አቤት!› ብዬ ነው የገባሁት። መሥሪያ ቤትዎን ግን ወር ሙሉ ብጠራው ዝም አለኝ፤ የሚናገርለትም ሌላ ነው። ስለዚህ ድንኳኑን በጋሪ ጭኜ መጥቻለሁ። በሩ ላይ ልትከለው ወይስ ግቢው ውስጥ?»